የጠፋችው ቃል፤ ከሀገር ፍቅር ማኅበር እስከ ሀገር ፍቅር ቴአትር

የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በፈረሰ ሰሞን፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ከሀገር ከወጣ ሃያ ዓመት ያለፈው አንድ አብሮ አደጌ ከዋሽንግተን ስልክ ደውሎ ስለ እያንዳንዱ ደጃፍ ይጠይቀኝ ጀመር። የዳቦ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የጠጅ ቤቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። በመጨረሻ «ሀገር ፍቅርስ?» አለኝ። «ሕንፃው አለ፤ አልተነካም» ብዬ መለስኩለት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ስለ ሕንፃው አልጠየቅሁህም» አለ።

ይህ ንግግር ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚህ ገጽ የኪነ ጥበብ ሐተታ የማይጠብቁ አንባቢዎቼን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው የታገሠኝ ሰው ከፖለቲካው እንዳልራቅሁ ይረዳልኛል ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። የሕዝብ የሚባል ቴአትር ቤት የሕዝብ የሚሆነው በምንድን ነው?

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተታኮሱ። ሙሶሊኒ የሚፈልገው ሰበብ ነበርና ሰበቡን አገኘ። ጦርነቱ እንደማይቀር ቤተ መንግሥቱ ቢያውቅም ሕዝቡን ማዘጋጀት ግን ቀላል አልነበረም። ጋዜጣ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት፣ ሬዲዮ ያለው ከጥቂትም ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ወሬ የሚሰማው ከአዋጅ ነጋሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ከገበያ ነበር። በዚያው በ1927 ዓ.ም. በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት «የሀገር ፍቅር ማኅበር» የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ማኅበሩ ሕዝቡን አደባባይ ላይ እየሰበሰበ ንግግር ያሰማል፤ ግጥም ያስነብባል፤ ያስፎክራል፤ ያሸልላል፤ አዝማሪ ያዘፍናል። አንባቢዬ ሆይ፣ ልብ በል፤ በስሙ ውስጥ «ቴአትር» የሚባል ቃል የለም። ያለው «ማኅበር» ነው።

ማኅበር ለኛ ሰው ባዕድ ቃል አይደለም። በወር በወሩ በአንድ ታቦት ስም የሚጠጣው ማኅበር፣ በየሰንበቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚበላው ሰንበቴ፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ ሁሉ የሚቆሙት በአንድ ሥርዓት ነው፤ በተራ። ዛሬ የበላው ነገ ያበላል። የቀረ ይጠየቃል፤ የታመመ ይጎበኛል። የማኅበር አባል እንግዳ አይደለም፤ ዕዳም መብትም አለበት። ከዚህ ልማድ የተገኘውን ስም ለአዲስ ነገር ማውጣት ታስቦበት ይሁን አይሁን ለክርክር የምቀርብበት ጉዳይ አይደለም። ውጤቱን ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይቻላል።

ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ ቴአትር አልነበረም ማለት አይደለም። በሩሲያ ያደጉትና በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን በሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱና ለውጭ ሀገር እንግዶች አሳይተው ነበር። በአውሬዎች ተረት ሽፋን ሙሰኝነትንና የአስተዳደርን ብልሹነት የሚነቅፍ ነበርና ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። በክልከላው ሁላችንም ንግሥቲቱን እንወቅሳለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ተውኔቱ ሲታገድ ከአዳራሹ ውጪ ያዘነ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ከአዳራሹ ውጪ ያየው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በትምህርት ቤት ተማሪዎች ያሠሯቸው ተውኔቶችም ምንም እንኳ በአማርኛ ድራማ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ቢኖራቸው፣ የፊተኛው ረድፍ የተያዘው በንጉሡና በሹማምንቱ ነበር። ተራው ሕዝብ የሚያውቀው ጨዋታ አዝማሪው፣ ለቅሶ ላይ የምታወርድ አልቃሽ፣ ሠርግ ላይ የሚያቅራራ ጎልማሳ ነው።

ማኅበሩ ያደረገው ትልቅ ነገር እነዚህን ከየጠጅ ቤቱና ከየድንኳኑ ሰብስቦ አንድ አደባባይ ላይ ማቆሙ ነው። አዝማሪ በሀገራችን ምን ያህል የተናቀ ሙያ እንደ ነበር ዛሬ የምንዘነጋው ነገር ነው። ሰው ይስቅበታል፤ ይሸልመዋል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። ያ የተናቀ ሰው በአንድ ጀንበር የሀገርን ጉዳይ ተናጋሪ ሆነ። ይህን ከእኛ ይልቅ ቶሎ የተረዳው ጠላት ነበር። ጥቅምት 1928 ከመጥባቱ በፊት መረብን ተሻግሮ የገባው ፋሺስት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያዘ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ካወጣቸው የግድያ ትእዛዞች አንዱ ያነጣጠረው በጠንቋዮች፣ በባሕታውያንና በአዝማሪዎች ላይ ነው። ጠመንጃ የሌለውን፣ ማሲንቆ ብቻ የያዘውን ሰው ለምን ይፈራሉ? ፈሩት እንጂ። የሀገር ውስጥ ሥልጣን የናቀውን የባዕድ ሥልጣን አከበረው፤ አክብሮቱ ግን በጥይት ነበር።

ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደገና ሥራውን ጀመረ፤ አሁን ሁላችንም የምናውቀውን በፒያሳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ያለውን ስፍራ ያዘ። ለቴአትር ተብሎ ያልተሠራ ቤት ነበር፤ በየጊዜው ሲጠገንና ሲቀጠል ኖሯል። ከአደባባይ ወደ ጣሪያ ሥር ሲገባ የሥራውም ጠባይ ተለወጠ። መጀመሪያ ሙዚቃው፣ ቀጥሎ አጭር ጭውውት፣ ከዚያ ፉከራው፣ በመጨረሻም ቴአትሩ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ምሽት። በክራርና በዋሽንት የሚጫወተው ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣት ነውር ነበርና። በኋላ መድረኩ ላይ የቆሙት ሴቶች ከየቤታቸው ምን እንደ ሰሙ፣ ስንቶቹስ ከዘመድ እንደ ተቆረጡ የሚተርክ መጽሐፍ ቢኖረን ኖሮ ስለ ሀገራችን ሴቶች ትግል ሌላ ምዕራፍ በኖረን ነበር። ሴቷ በቲኬት ገብታ ሌላይቱን ሴት መድረክ ላይ ስታይ የሆነውን ነገር በስብከት ማምጣት አይቻልም።

እነ ኢዮኤል ዮሐንስና እነ መላኩ አሻግሬ የጻፏቸውን ተውኔቶች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሰው ቢያነባቸው ምናልባት ረጅምና ምክር የበዛባቸው ይላቸው ይሆናል። እውነትም ምክር ይበዛባቸዋል። እንዲህ ያለው ነቀፋ ግን አንድ ነገር ይስታል። የዚያን ጊዜ ተመልካች ቁጭ ብሎ አያይም ነበር። ከፊደል ይልቅ በቅኔ ጆሮው የሠለጠነ፣ ሰምና ወርቅ ለመለየት የማይቸገር ሰው ነው። ከመድረክ ላይ አንድ ምስኪን ገበሬ ስለ ክፉ ጭቃ ሹም ሲያማርር፣ ተመልካቹ ጭቃ ሹሙን ትቶ በላይ ያለውን ያስባል፤ ደራሲው ያላሰበውን ወርቅ እሱ ያወጣል። ሳንሱር የቃሉን ሰም ማየት ይችላል፤ የሕዝቡን ሳቅ ግን በየትኛው መስመር ላይ እንደሚሰርዘው አያውቅም። አባቴ ይነግረኝ እንደ ነበረው፣ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሳቅ ከሌላው ይለያል፤ ለቀልዱ የሚሳቅ ሳቅ አለ፤ ለነገሩ የሚሳቅ ሳቅም አለ። ሁለተኛውን የሳቀ ሰው ወዲያው ግራና ቀኙን ያያል።

ግራና ቀኝ ማየት ደግሞ ምክንያት ነበረው። እዚህ ላይ ሀገር ፍቅርን እንደ ንጹሕ የሕዝብ ድምፅ አድርገው ለሚተርኩ ወዳጆቼ አንድ ነገር ማስታወስ ይኖርብኛል። መሥራቹ መኰንን ሀብተ ወልድ የንግድና የገንዘብ ሚኒስትር ከመሆናቸውም በላይ የንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ዐይንና ጆሮ ነበሩ፤ ማን ምን አለ የሚለውን በመሰብሰብ የታወቁ ሰው ናቸው። ሕዝብን አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ሕዝቡ ምን እንደሚል ለመስማትም ምቹ ስፍራ ይዟል። በግል ኑሯቸው ቁጥብ፣ ለሥራቸው ቀናኢ እንደ ነበሩ የሚመሰክሩላቸው ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም እውነት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው ጦር አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ በአረንጓዴው አዳራሽ ከተረሸኑት ሹማምንት መካከል እሳቸው አሉበት።

የዚያው ታኅሣሥ ሌላ ገጽም አለው። ወሊሶ ተማሪ ሳለ የሀገር ፍቅር ቡድን ለትርኢት በሄደበት የተገኘ፣ በዚያው ምክንያት አዲስ አበባ መጥቶ በሀገር ፍቅር መድረክ ዘፈን የጀመረ አንድ ብላቴና ነበር። በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ ከታሰሩት አንዱ ይኸው ጥላሁን ገሠሠ ነው። ቴአትር ቤቱን ያቆመው ሰው በክብር ዘበኛ መኰንኖች እጅ ሞተ፤ ቴአትር ቤቱ ያወጣው ልጅ የክብር ዘበኛ ዘፋኝ ሆኖ ታሰረ። ይህን ደራሲ ቢጽፈው ኖሮ ተፈበረከ ይባል ነበር።

በጥላሁን ታሪክ ውስጥ የምወደው ግን የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ቴአትሩ ወደ ወሊሶ ሄደ። ልጁ ወደ ቴአትር ቤት ከመምጣቱ በፊት ቴአትር ቤቱ ወደ ልጁ ሄደ። በዚያ ዘመን ቡድኑ በመኪና ላይ ዕቃውን ጭኖ ወደ ክፍለ ሀገር መውጣቱ የሥራው አካል ነበር። ፍሬው ኃይሉ አኮርዲዮኑን ይዞ፣ እነ ጠለላ ከበደ ድምፃቸውን ይዘው ያቀኑት ቤት ከዓመታት በኋላ አስቴር አወቀን የመሰለች ድምፃዊት በለጋ ዕድሜዋ የቆመችበት መድረክ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ሙዚቃ ትምህርት ቤት ባልተስፋፋበት፣ የሪከርድ ገበያ እምብዛም ባልነበረበት ሀገር ውስጥ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ጣልያኖች ጀምረውት የነበረውን ሕንፃ አስፍቶና አሳምሮ መጨረስ ለሀገር ክብር ነበር፤ አልነቅፈውም። ከዚያ በኋላ ግን በከተማዋ ሁለት ዓይነት ተመልካች ተፈጠረ። አንዱ ሱፉን ለብሶ የሚሄድበት፣ ሌላው ከሥራ እንደ ወጣ ጋቢውን እንዳጣፋ የሚገባበት። እነ ጸጋዬ ገብረ መድኅንና እነ መንግሥቱ ለማ ያመጡት ዘመናዊ ድራማ የአማርኛን መድረክ ከፍ አድርጎታል፤ የፒያሳው ቤት ደግሞ ያንን ከፍታ ሳይመኝ ደንበኞቹን ይዞ ኖረ። የቆሎ ሻጯን፣ የጋራዥ ሠራተኛውን፣ ተማሪውን፣ የቡና ቤት ሴቷን በአንድ አግዳሚ ላይ ያስቀመጠ ሌላ ቤት በከተማዋ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ካልሆኑ በቀር። እነሱም ቢሆኑ በሃይማኖት ይለያሉ። ሀገር ፍቅር የለየው በቲኬት ዋጋ ብቻ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ብዙ ተስፋ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የጸጋዬ «ሀ ሁ በስድስት ወር» በብሔራዊ ቴአትር ሲታይ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን ስሜት ያዩ ሰዎች ዛሬም ሲተርኩት ዐይናቸው ይበራል። ብዙም አልቆየ። ደርግ ቴአትርን አልጠላም፤ እንዲያውም አበዛው። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየጦሩ ኪነት ተቋቋመ። ከነዚያ ኪነቶች የወጡ ድምፃውያንና ተዋናዮች እስከ ዛሬ የምንኮራባቸው ናቸው። ነገር ግን የኪነት አባል ማኅበርተኛ አልነበረም፤ ተመድቦ ነው። ተራው የሚወሰነው ከላይ ነው። «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲባል አጨብጭብ፣ «ይውደም» ሲባል ፈክር። የ1977ቱ ረሀብ ካለፈ በኋላ ለዓለም ሕዝብ ምስጋና ለማቅረብ ከአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ተውጣጥቶ በ1980 ዓ.ም. የተጓዘው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ቡድን ምን ያህል ችሎታ በነዚህ ቤቶች ውስጥ እንደ ተከማቸ ያሳየ ነው። ስሙ ሕዝብ ለሕዝብ ይባል እንጂ ላኪው መንግሥት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሀገር ፍቅር ወደ ከተማው አስተዳደር ተዛወረ። ተዋናዩ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነ፤ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ፣ ዓመታዊ ዕቅድ የሚሞላ፣ በጀት ሲዘጋ የሚሮጥ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ገበያ ሲደራ ወጣቱ ተመልካች ወደ ሲኒማው ሸሸ። «ማኅበር» የሚለው ቃል ከበሩ ላይ መቼ እንደ ወረደ ልብ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። አንድም ሰልፍ አልተደረገበትም።

እንግዲህ ወደ 2016 ዓ.ም. ልመለስ። የካቲት ላይ በዚያው ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ። ዓድዋ እንዲህ ባለ ግዙፍ ሥራ መታሰቡ ያስደስተኛል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ሳምንታት ሳይቆይ ግን ከዚያ ግርጌ ያለው ዶሮ ማነቂያና ዙሪያው ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ቤቶቹ ያረጁ፣ ብዙዎቹም ለኑሮ የማይመቹ እንደ ነበሩ በዚያ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር አጥንቼ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ባለ ሥልጣኖቻችን ይህን ሲናገሩ እውነታቸውን ነው። ያልተናገሩት ነገር አንድ ሰፈር ሲነሣ ሰውና ቤት ብቻ እንደማይነሣ ነው። ዕድሩ ይፈርሳል፤ ዕቁቡ ይበተናል፤ ማኅበሩ የሚጠጣበት ቤት ይጠፋል። ለቴአትር ቤትም እንዲሁ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጥቶ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ ደጃፉ ላይ ቆሎ ገዝቶ የሚገባ ሰው ከመቶ ሜትር ራዲየስ ውስጥ ሲነቀል፣ የቀረው መድረክና ወንበር ነው።

«ቱሪስቱና አዲሱ ነዋሪ ይተካዋል» የሚሉኝ አሉ። ይተካው ይሆናል። ያ ሌላ ቴአትር ቤት ነው። ዘጠና ዓመት ያለፈውን ቤት ያቆመው ተመልካች ግን የአባቱን ሳቅ ከአባቱ የወረሰ ነበር፤ የትኛው ሳቅ ለቀልዱ፣ የትኛው ለነገሩ እንደ ሆነ የሚያውቅ። ይህ በማስታወቂያ የሚጠራ ሕዝብ አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ታላቅ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በደካማ መኪና ወሊሶና ደሴ የወሰዱትን ጨዋታ ዛሬ ለተነሡት ሰዎች በከተማው ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች መውሰድ ይህን ያህል ይከብዳል? የሀገር ፍቅር ባለሙያዎች በወር አንድ ጊዜ ወደ ቀድሞ ደንበኞቻቸው ሄደው በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ቢጫወቱ፣ የነዋሪው ተወካዮችም በቴአትር ቤቱ የሥራ አመራር ውስጥ ወንበር ቢኖራቸው፣ ያቺ ከበሩ ላይ የወረደችው ቃል ግማሽ መንገድ ተመለሰች ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ለአንድ የሚመለከተው ሰው አቅርቤለት «ዕቅዳችን ውስጥ የለም» አለኝ። ልክ ነው፤ የለም።

ባለፈው ሰሞን በልጅነቴ ጎረቤታችን ከነበሩ አንዲት እናት ጋር ተገናኘሁ። እትዬ እላቸው ነበር፤ አሁንም እትዬ እላቸዋለሁ። ወደ ከተማው ዳር ከተዛወሩ በኋላም እሑድ እሑድ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሀገር ፍቅር እንደሚመጡ ነገሩኝ። ደስ ብሎኝ «ታዲያ የሰሞኑ ቴአትር እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መጀመሪያው ደስ ይላል ልጄ» አሉኝ። «መጨረሻውን አላውቀው፤ ሲመሽ ታክሲው ይጠፋል፤ ሦስት ነው የምይዘው። ሳያልቅ ነው የምነሣ።»